ለማላኪ ትሬሲ የተከለከለችው ወረቀት

በኖክበራ አጥቢያ ስለ አጎቴ ስለ ማላኪ ትሬሲ የሚነገረው ታሪክ አጭርና ያማረ ነው፤ ግራ እጁን ለአጥቢያው ሰጠ ይባላል። አባ ሎንርጋን ይህንኑ ከመቅደሱ ፊት ቆመው ሲናገሩ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። የመጠጥ ቤት ደንበኞች ብርጭቆ አንሥተው ሲደጋግሙትማ ቁጥሩን አላውቀውም። እኔ የእኅቱ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁትም በእርሱ ምድጃ ዳር ነው። ያ እጅ እንዴት እንደ ጠፋ ከእርሱም ከእናቴም አፍ ሰምቻለሁ፤ የሁለቱንም ቃል አስተያይቼ አጣርቻለሁ። ነገሩ ያስጸይፈኛል፤ ቢሆንም ሌላ ሰው አስውቦ ከሚጽፈው እኔ እየተጸየፍሁ ብጽፈው ይሻላል።

ማላኪ የተወለደው ድንች በመሬት ውስጥ እንዳለ ከበሰበሰበት ከታላቁ ረኃብ አሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። አባቱ የሣር ቤት ከዳኝ ነበር፤ እርሱም ሥራውን ወረሰ። ክዳን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ግራው የስንዴውን አገዳ ጨብጦ ወደ ታች ይጫናል፤ ቀኙ ቀጭኑን ዘንግ ጠምዝዞ ይሰካል። ከሁለቱ አንዱ ከላላ ዝናቡ በዚያው ዓመት ከአልጋው ላይ ይንጠባጠባል። ማላኪ የከደነው ቤት ግን አያፈስስም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላው በአጥቢያው ካሉት ጣሪያዎች ግማሾቹ ከእጁ የወጡ ነበሩ። ሚስት አላገባም፤ መበለት ከሆነች ከታላቅ እኅቱ ከሆኖራ፣ ማለትም ከእናቴና ከእኔ ጋር ይኖር ነበር። ንግግሩ ጥቂት፣ ሳቁም ከንግግሩ ያነሰ ነበር።

ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር። በልጅነቱ ሃርሊንግ የአጥቢያ ወንድ ሁሉ ዱላ ይዞ በአንዲት ሩር ላይ የሚራኮትበት፣ አጥር የሚፈርስበትና ጥርስ የሚረግፍበት ጨዋታ ነበር። ኋላ ማኅበር ተቋቁሞ ደንብ ወጣለት፤ ሃያ አንድ ለሃያ አንድ እንዲሆን ተወሰነ። ማላኪ ዱላውን የሚጠርበው ራሱ ነበር፤ የአሽ ዛፍ ግንድ ወደ ሥሩ ሲጎብጥ ያለውን ክፍል መርጦ፣ ጉብጠቱን ሳይሰብር። ሰው ግን ሊያይ የሚመጣው ግራ እጁን ነው። በፈረስ ፀጉር ተሞልታ በቆዳ የተሰፋችውን ሩር ከሰው ራስ በላይ ስትበር ባዶ እጁን ሰድዶ፣ የበሰለ ፍሬ እንደሚቀጥፍ ይቀጥፋት ነበር። የዱላ ዶፍ በሚወርድበት መካከል እጁን ወደ ላይ የሚሰድድ ሌላ ሰው በዙሪያው አልነበረም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ጀሮም ስካሊ ነበሩ። መጠጥ ቤቱም ሱቁም የእርሳቸው ነው። ከዚያም በላይ፣ ድሀ ሰው በነጻ የሚታከምባትን ወረቀት የሚፈርሙት እርሳቸው ነበሩ። ያለ እርሳቸው ፊርማ የወረዳው ሐኪም ድሀን የማየት ግዴታ የለበትም፤ የሌላ ወረዳ ሐኪም ደግሞ ያለ ገንዘብ በሩን አይከፍትም።

ሐኪሙም ቢሆን የሚወደድ ሰው አልነበረም። ዶክተር ቢቲ የአጎቴ እጅ ከመጥፋቱ ሁለት ክረምት በፊት፣ ባለመሬቱ ጭሰኞቹን ሲያፈናቅል፣ ከፖሊሶቹ ጋር አብሮ ሄዶ ነበር። መበለቲቱ ሄርን አልጋ ላይ ነበረች። የልብ ትርታዋን ዳሰሰና «መንቀሳቀስ ትችላለች» ብሎ ፈረመ። አወጧት፤ በሦስተኛው ቀን በጎረቤት ጎተራ ውስጥ ሞተች። ከዚያ በኋላ አጥቢያው አድማ መታበት፤ ዳቦ የሚሸጥለት፣ ጤና ይስጥልኝ የሚለው፣ ክሊኒኩን የሚረግጥ ጠፋ። የፈረሱን ጋጣ እንዲከድንለት ሰው ሲልክ «እጄ አይነካውም» ብሎ የመለሰው አጎቴ ነበር። በአድማው አላፍርም፤ ለዳቦውም ቢሆን እኔም እከለክለው ነበር።

በነሐሴ አንድ እሑድ ኖክበራ ከደሪሞር ጋር ለዋንጫ ተገናኘ። በዚያን ዘመን ደንብ አንዲት ጎል፣ ሩሯ ከጎሉ በላይ ስታልፍ የሚቆጠረው ነጥብ ምንም ያህል ቢከማች ትበልጠዋለች። ደሪሞር ሰባት ነጥብ ነበረው፤ እኛ ምንም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሩሯ ከፍ ብላ መጣች፤ ማላኪ እጁን ሰደደ፤ የደሪሞሩ አንጥረኛ ኮስቴሎም ዱላውን በሙሉ ኃይሉ አወረደ። ድምፁ ከአጥር ውጭ ተሰማ ይላሉ። የሁለት ጣት አንጓ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጣ።

የቡድኑ አለቃ ፊንታን ሮች ሮጦ መጣ።

«እጄ ሄደች» አለው ማላኪ።

«የት ትሄዳለች? ያው ክንድህ ላይ አይደለች?» አለ ፊንታን። «አሥር ደቂቃ ነው የቀረችው። አንተን አላስወጣም።»

«አጥንቱ ይታያል እኮ።»

«እንግዲያው አትየው።»

አላየውም። ደም የሚያንጠባጥብ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ በአንድ እጁ ብቻ ዱላውን ይዞ ቆየ። ከግርግሩ መካከል ሩሯ እግሩ ሥር ተንከባለለች፤ እንደ መጥረጊያ ጠረጋት፤ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ገባች። ሰባቱ የደሪሞር ነጥቦች በአንድ ጊዜ ከንቱ ሆኑ።

ሕዝቡ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ስካሊ ቤት ወሰዱት። በመንገድ ላይ ያንን እጅ የሚጨብጠው ሰው ብዙ ነበር፤ ሁሉም ሊነካው ፈለገ። መጠጥ ቤቱ ሲደርሱ ውስኪ አፈሰሱበት፤ አጎቴ ግድግዳውን ተደግፎ አስመለሰ። ሕዝቡ ይህንንም አጨበጨበለት። ከዚያ አቶ ስካሊ የቢራ አረፋ የለጠፈበትን ጢማቸውን ሳይጠርጉ የተሰበረውን እጅ አንሥተው ሳሙት።

«ይህች እጅ ከጳጳሱ ቀለበት ይልቅ መሳም ይገባታል» አሉ። አባ ሎንርጋንም አጠገባቸው ነበሩ፤ ሳቁ።

የዚያኑ ዕለት ወጌሻው ባርትሊ ኮዲ ተጠራ። ኮዲ ፈረስም ሰውም ያሻል፤ ለሁለቱም የሚታጠብበት ውኃ አንድ ነው። ጣቶቹን ስቦ፣ አጥንቱን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ የተወቀጠ የዕፅ ሥር ለቅልቆ ጠቀለለው። የተለቀለቀው ሥር ሲደርቅ እንደ ኖራ ጠጠረ።

«ዘጠኝ ቀን እንዳትከፍተው» አለ። «ንፋስ ከገባው የኔ ጥፋት አይደለም።»

በአምስተኛው ቀን ሽታው መጣ። እናቴ ስትነግረኝ ዛሬም አፍንጫዋን በሻሽዋ ትሸፍናለች። በመጀመሪያ የረጋ አሬራ የደፋችበት ቦታ ያለ መስሏት ወለሉን አጠበች። ከዚያም ውሻችን ከማላኪ እግር ሥር ተነሥቶ በሩ አጠገብ ሄዶ ሲተኛ ገባት። በማግስቱ ቅዳሜ፣ ከተለቀለቀው ሥር ውጭ የሚታዩት የጣቶቹ ጫፎች መጥቆራቸውን ማላኪ አየ። ሐኪም የማዳን ኃይል ካለው ጊዜው ያ ነበር። ተነሥቶ ወደ ስካሊ መጠጥ ቤት ሄደ።

«አቶ ስካሊ፣ አንዲት ወረቀት ይጻፉልኝ።»

«የምን ወረቀት፣ የኔ አንበሳ?»

«የሐኪም።»

አቶ ስካሊ የሚያብሱትን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ማላኪ፣ አንተ ቀልድ አትወድ ነበር። መቼ ለመድክ?»

«ቀልድ አይደለም። ጣቶቼ ጠቁረዋል። ይሸታሉ።»

«ኮዲ ምን አለህ?»

«ዘጠኝ ቀን ጠብቅ አለኝ።»

«ዛሬ ስንተኛው ነው?»

«ስድስተኛው።»

«ሦስት ቀን አቅቶህ ነው? ደሪሞሮች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉናል? የኖክበራው ጀግና የመበለቲቱን ገዳይ ደጅ ጠና ይበሉን?»

«እጄን ሥራ ላይ ነው የምፈልጋት፣ አቶ ስካሊ። በአንድ እጅ አይከደንም።»

«ማን አንድ እጅ አለህ አለህ? ቁጭ በል። አንድ ብርጭቆ በእኔ ይሁንልህ።»

ከጠጪዎቹ አንዱ ጣልቃ ገባ፤ «እኔ ከዚያ ሰውዬ እጅ መድኃኒት ከምቀበል ሞቴን እመርጣለሁ» አለ። ሁለቱም እጆቹ ደኅና ነበሩ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቴ ብርጭቆውን ሳይነካ ወጣ። በቁጣ አልወጣም፤ ይህንን ነው ልውጠው የማልችለው። ትክክል ናቸው ብሎ አምኖ ወጣ። አድማውን ካጠበቁት አንዱ እርሱ ነበርና፣ ለራሱ ሲሆን ማላላት አሳፈረው።

በማግስቱ እሑድ አጥቢያው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እናቴ የስካሊ ቤት ምግብ አብሳይ ስለ ነበረች የምሳውን ድስት ልትጠብቅ ቀርታለች። የግቢው የኋላ በር ተንኳኳ፤ ወይዘሮ ስካሊ ራሷ ሄዳ ከፈተች። ዶክተር ቢቲ ቦርሳውን ይዞ በምድጃው አጠገብ አልፎ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣ። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጃቸው ጀራልድ ከፈረስ ወድቆ እግሩ ቆስሎ ነበር። ሐኪሙ ሲወጣ፣ «ማመርቀዙን አቁሟል፤ ማክሰኞ እመለሳለሁ» አለ። የመጀመሪያ ጉብኝቱ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ ስካሊ በቤተ ክርስቲያኑ የፊተኛ ወንበር ላይ ተንበርክከው ነበር።

ወይዘሮ ስካሊ በሩን ዘግታ ወደ እናቴ ዞረች።

«ሆኖራ፣ አሁን ያየሽው የዶሮ ነጋዴውን ነው።»

«እሺ፣ እመቤቴ» አለች እናቴ።

እናቴ አምስት ቀን ዝም አለች። ሥራዋን ብታጣ ሦስታችን የምንበላው አልነበረንም፤ ምክንያቷ ይህ ነው፤ ምክንያቱንም እረዳዋለሁ። ማክሰኞ ሐኪሙ ሲመለስ በሩን የከፈተችለት እርሷ ነበረች። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ኮዲ ወደ ቤታችን መጥቶ ልቅልቁን ሰበረ፤ ያየውን አይቶ ሌላ ለቀለቀበትና «ዘጠኝ ቀን ጨምር» ብሎ ሄደ። እናቴ መብራቱን የያዘችለት እዚያው ቆማ ነው። እወዳታለሁ። አምስቱን ቀን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋትም፤ እርሷም ታውቃለች።

ዓርብ ዕለት ማላኪ ድንቹን ከፊቱ ገፋ፤ ትኩሳቱ ዓይኑን አቅልቶት ነበር። ያን ጊዜ አንደበቷ ተፈታ።

«የስካሊ ልጅ እግሩ ድኗል» አለችው።

«ኮዲ ነው ያዳነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ነገረችው። የዶሮ ነጋዴውንም ጨምራ ነገረችው።

«ካየሽው ስንት ቀን ሆነሽ?»

«አምስት።»

ከሳህኑ ተነሥቶ ወደ አልጋው ሄደ።

ቅዳሜ የከብት ገበያ ነበር። ማላኪ የእሑድ ኮቱን ለብሶ በዋናው መንገድ መካከል ሄደ። ሰዉ ከመንገዱ ገለል አለለት፤ አክብሮት አስመስለው ቢያወሩትም የገፋቸው ሽታው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ያንን እጅ ለመጨበጥ የተጋፉ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ላሞቹ ዞሩ። አቶ ስካሊ በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ወዴት ነው፣ ማላኪ?»

«ዶሮ ነጋዴው ዘንድ።»

ገበያተኛው ትኩሳቱ አናቱ ላይ የወጣ መስሎት ሳቀ። አቶ ስካሊ አልሳቁም።

«ና ግባ፤ ውስጥ እንነጋገር።»

«ወረቀቷን ይስጡኝ፤ እገባለሁ።»

ስካሊ ወደ ሕዝቡ ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንኳን ለአንተ፣ ለገዛ ልጄም ቢሆን ለዚያ ሰውዬ ወረቀት አልጽፍም» አሉ። ሕዝቡ በአድናቆት አጉረመረመ። ንግግሩ ውሸት የለበትም፤ ለልጃቸው ወረቀት አልጻፉም፤ ከፍለው ነበር ያሳከሙት። አጎቴ በዚያች ቅጽበት አፉን ቢከፍት ሰውየውን ገበያ መካከል ራቁቱን ማስቀረት ይችል ነበር። አልከፈተም። እኅቱ ምግብ የምታበስለው በዚያ ቤት ነበርና ዝም ብሎ አለፈ።

ዶክተር ቢቲ በሩን ሲከፍት የአፍ ማበሻው አንገቱ ላይ ነበር።

«ወረቀት አለህ?»

«የለኝም።»

«የፈረሴን ጋጣ አልከድንም ያልከው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«እዚያ ጠብቅ» አለውና ተመልሶ ምሳውን ጨረሰ። አጎቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሳህንና ሹካ ሲጋጩ ይሰማው ነበር። ሐኪሙ ምሳውን ሲያበቃ አስገባው፤ ልቅልቁን ከፍቶ አየ፤ እጁንም ከእጅ አንጓው በላይ ቆረጠው። ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ ቁስሉ ንጹሕ ሆኖ ዳነ። ሲጠቀልልለት፣ «ባለፈው ቅዳሜ ብትመጣ ሁለት ጣት ነበር የምወስደው» አለው። ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ወረቀቷን ለመጠየቅ ስካሊ ባንኮኒ ፊት ቆሞ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ማኅበሩ ተሰብስቦ ስሙን ከተጫዋቾች መዝገብ ፋቀው። አንድ እጅ ያለው ሰው ዱላ እንደማይዝ የታወቀ ቢሆንም፣ ውሳኔው ላይ የተጻፈው «አድማ ስለ ሰበረ» የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ከተቀመጠበት ረጅም ወንበር ሌሎቹ ሁሉ ተነሡ። እናቴም ከሥራዋ ተባረረች፤ ምክንያቱን የነገራት የለም። ዝምታዋ ያተረፈላት ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ክዳኑም ቀረ። አጎቴ የሰው ከብት ወደ ገበያ በመንዳት፣ ኋላም የመቃብር ቦታውን ሣር በማጨድ አሳደገኝ። ማጭዱን በክንዱ ጉማጅ ላይ በጠፍር ያስረው ነበር። እርሱ የከደናቸውን ጣሪያዎች ሌሎች ሰዎች ሲጠግኗቸው እያየ በሥራቸው ያልፋል፤ አሠራራቸውን ሲተች ግን ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ዶክተር ቢቲ አገሩን ለቅቆ ሄደ፤ ባለመሬቱ መሬቱን ሸጠ፤ አድማው ተረሳ። ማኅበሩም ዋንጫ ካገኘ ቆይቶ ነበርና ጀግና አስፈለገው። አንድ እጅ ያለው ጀግና ለንግግር ይመቻል። ስሙን የፋቁት ሰዎች ራሳቸው ስሙን ማንሣት ጀመሩ፤ ሲያነሡም ሐኪሙን፣ ወረቀቷንና ሽታውን ዘለሉ።

በአሥራ አራተኛው ዓመት ጀራልድ ስካሊ ወደ ቤታችን መጣ። አባቱ ስላረጁ ሊቀ መንበርነቱን እርሱ ይዟል። ረጅም፣ ደልደል ያለ፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ለዕረፍት መጥቼ ነበር።

«ጋሼ ማላኪ፣ ከሊመሪክ ፎቶ አንሺ አስመጥተናል» አለ። «እርስዎ መካከል ላይ ካልተቀመጡ ፎቶው ፎቶ አይሆንም።»

«እግርህ እንዴት ነው፣ ጀራልድ?» አልሁት።

«የቱ እግሬ?»

«ዶሮ ነጋዴው ያከመው።»

አንገቱ ድረስ ቀላ። «ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ዴልያ» አለ።

«እጁን ያጣውስ አሁንም የለውም።»

«ተዪው፣ ዴልያ» አለ አጎቴ። ከዚያ ወደ ጀራልድ ዞሮ፣ «ስንት ሰዓት ነው የምመጣው?» ብሎ ጠየቀ።

ሄደ። ተከትዬው ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ። መካከል ላይ አስቀመጡት፤ ከኋላው ወጣቶቹ ዱላቸውን ይዘው ተሰለፉ። ፎቶ አንሺው ወደ ጉማጁ አመልክቶ አንዳች ነገር አለ፤ ጀራልድም የራሱን ኮፍያ አውልቆ በአጎቴ ጉልበት ላይ፣ ጉማጁን እንዲሸፍን አድርጎ አስቀመጠለት። አጎቴም ኮፍያው እንዳይወድቅ በደኅና እጁ ደገፈው።

ማታ ራት ላይ ጠየቅሁት።

«አጎቴ፣ ለምን ሄድክ?»

«ጎሏን ያገባሁት እኔ አይደለሁ?»

«እጅህን የበሉትም እነርሱ ናቸው። ኮፍያ ሲያለብሱህ እንኳ ዝም አልክ።»

ድንቹን በአንድ እጁ ይልጥ ነበር፤ ለዚህ የራሱ ዘዴ አለው፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ነው። ልጦ ጨረሰ።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ና ብሎኝ አያውቅም» አለ።

እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አልራራሁለትም፤ ተጸየፍሁት፤ መጸየፌ ደግሞ ከስካሊዎቹ ይልቅ በእርሱ ላይ ሲበረታ ተሰማኝ። አላግባብ መሆኑን አውቃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፎቶግራፉን ቅጂ አመጡለት። ፈገግ ብሏል፤ በሕይወቴ ያን ያህል ሲፈግግ አይቼው አላውቅም። ሚስማሩን እንድመታለት ጠየቀኝ፤ ሚስማር መምታት ሁለት እጅ ይፈልጋል። መታሁለት፤ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ምግብ ስበላ ወንበሬን አዙሬ፣ ጀርባዬን ለምድጃው ሰጥቼ ነው።